የፒክአፕ ጎማ ሲቀየር፦ ለሁሉም መንገድ የሚሆነው ወይስ የጭቃው?

አሽዶድ፣ ሮቫ ቴት የሚኖር የፒክአፕ ባለቤት (እዚህ አገር ቴንደር ይሉታል) ጎማ ሊቀይር ፓንቸሪያ ሲገባ፣ ከሻጩ የሚቀርብለት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ኤ ቲ ይሁን ወይስ ኤም ቲ?» የሚል ነው። ኤ ቲ ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲሆን የተሠራ ጎማ ነው። ኤም ቲ ደግሞ በዋናነት የጭቃ ጎማ ነው። በአገር ቤት ጎሚስታው ያገኘውን ይገጥም ነበር፤ እዚህ ግን ምርጫው የባለቤቱ ነው፣ የአራት ጎማ ዋጋም ቀላል አይደለም።

ሁለቱ በዓይን ይለያሉ። የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ትላልቅና የተራራቁ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ሰፊ ቦይ ጎማው ሲዞር ጭቃውን ወደ ውጭ እንዲወረውር ነው የተሠራው። በጎንደር በክረምት ዋልካ መሬት ላይ መኪና የገፋ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፦ ጥርሱ በዋልካ የተሞላ ጎማ ጥርስ እንደሌለው ይሆንና ባለበት ይዞራል። የኤ ቲ ጥርሶች ግን ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው፤ በላያቸውም ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። እርጥብ አስፋልትን የሚይዙት እነዚያ ስንጥቆች ናቸው። ይህ ዓይነቱ ጎማ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቢ ኤፍ ጉድሪች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤ ቲ ጎማውን ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የጭቃውን በ1980 አስከተለ።

አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረችው በአሸዋ ክምር ላይ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ እስከ ኒጻኒም ድረስ ያለውም አሸዋ ነው። ብዙ ሰው «አሸዋ ካለ ትልቅ ጥርስ ያስፈልጋል» ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትልቅ ጥርስ አሸዋን እንደ አካፋ እየቆፈረ መኪናውን ወደ ታች ያሰምጠዋል። በአሸዋ ላይ የሚጠቅመው የጎማውን ነፋስ መቀነስ ነው። ነፋሱ ወደ 15 ወይም 18 ፒ ኤስ አይ ሲወርድ ጎማው እንደ ግመል እግር ይሰፋና ክብደቱን ይበትናል። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ግን ነፋሱን መልሶ መሙላት ግድ ነው፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ደግሞም በእስራኤል ከ1997 ጀምሮ በባሕር ዳርቻ ላይ መኪና መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው። በኒጻኒም የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታም ከተፈቀደው መንገድ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ ለአሽዶድ አሸዋ ብቻ ተብሎ የሚገዛ ጎማ ገንዘብ ማባከን ነው።

እውነተኛ ጭቃ የሚገኘው ወደ ምሥራቅ፣ በገደራና በቂርያት መላኪ አካባቢ ባሉ የእርሻ መንገዶች ላይ፣ ወደ ደቡብም በኔጌቭ መግቢያ ነው። የኔጌቭ ደቃቅ አፈር በበጋ እንደ ዱቄት ይቦንናል፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ እንዲህ ያለ መሬት ውስጥ ገብቶ የሚወጣ፣ ለምሳሌ በእርሻ ወይም በቁፋሮ ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ የጭቃ ጎማ ቢገዛ ልክ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ጭቃ የሚያጋጥመው ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፦ ጎማው አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ይጨምራል፣ ቶሎም ያልቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፍሬኑ ነገር ነው። ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ መንገዱን የሚነካው የጎማ ክፍል ያንሳል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። ሲግድ የሚውለው የክረምቱ ዝናብ በሚጀምርበት ወቅት ነው። በጋውን ሙሉ አስፋልት ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ሲቀላቀል መንገዱ ክፉኛ ያንሸራትታል። አባትና እናቱን ከአሽዶድ ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም ዳገት የሚወጣ ልጅ፣ ከፊቱ ያለው መኪና ድንገት ሲቆም የሚያድነው የጎማው ግርማ ሞገስ አይደለም። ለብዙው የሮቫ ቴት ቴንደር የሚስማማው ኤ ቲ ነው። ከመንገድ ቁጥር 4 እና ከከተማ ጨርሶ ለማይወጣ መኪና ደግሞ ተራው የአስፋልት ጎማ ከሁለቱም ይሻላል፤ ሻጩ ይህን ሳይነግር ቢቀር አይገርምም።

ከመግዛት በፊት የመኪናውን ሪሻዮን አውጥቶ ማየት ይገባል፤ የጎማው ልክ እዚያ ተጽፏል። ለምሳሌ 265/65 አር 17 ቢል፣ 265 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። «ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን» ብሎ በ65 ፈንታ 70 የገጠመ ሰው ጎማው 3 በመቶ ያህል ስለሚተልቅበት የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳየዋል። ከሪሻዮኑ የተለየ ልክ በቴስት ጊዜ ችግር ያመጣል፣ ከአደጋ በኋላም ከኢንሹራንስ ጋር ሊያከራክር ይችላል።

ከልኩ ቀጥሎ የሚታየው ቁጥር የጭነት ነው። 112 ማለት አንድ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ 116 ደግሞ 1,250 ኪሎ። አጠገቡ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፤ ቲ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር፣ ኪው 160። የጭቃ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ ኪው ናቸው። ብሎን፣ ሲሚንቶ ወይም የቤት ዕቃ ለሚጭን ሰው ከጥርሱ ቅርጽ ይልቅ ይህ የጭነት ቁጥር ይበልጣል፤ ከፋብሪካው ከተወሰነው ዝቅ ማለት የለበትም።

በርካሽ የሚቀርብ ጎማ ሲገኝ ዕድሜውን ማየት ነው። ጎኑ ላይ በአራት ቁጥር የተጻፈው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 3523 ቢል በ2023 በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ያልተነካ ጎማም በመጋዘን ያረጃል። ሚሽለን ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ደግሞ ስኮርታውም ቢሆን እንዲቀየር ይመክራል። በፀሐይ ውሎ ለሚያድር መኪና ጎኑ ላይ የሚታዩ ቀጫጭን ስንጥቆችን ችላ ማለት አይገባም።

አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል፣ በተለይ ባለ አራት እግር መንጃ መኪና ላይ፤ ፊትና ኋላ የተለያየ ልክ ያለው ጎማ ማስተላለፊያውን ይጎዳል። ነፋሱ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው መጠን ይሞላል፤ የሚለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። ጭነት ሲኖር የሚጨመረው መጠንም እዚያው አለ። በቦዮቹ ውስጥ ደግሞ ትናንሽ የጎማ ድልድዮች ይታያሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊሜትር ነው። ጥርሱ አልቆ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ቴስትን ቀርቶ የመጀመሪያውን ዝናብም መጠበቅ የለበትም።