የወንጀል ሪከርድና የመሣሪያ ፈቃድ፦ ከናይሮቢ ልምድ

በከባድ ወንጀል የተቀጣ ሰው የጦር መሣሪያ እንዳይገዛ መከልከሉ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ክልከላው የትኛውን በር እንደሚጠብቅ ነው።

የኬንያ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ምዕራፍ 114፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ የማው ማውን ፀረ ቅኝ አገዛዝ ትግል ለማፈን በ1952 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና አልተነሣም ነበር። ያኔ ጥይት ይዞ የተገኘ ኬንያዊ ለስቅላት ይዳረግ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ተሰቅለዋል። ክልከላን በቅጣት ታሪክ ላይ የሚመሠርት ሁሉ የፍርድ ቤቱን ፍትሕም ጉድለትም አብሮ ይወርሳል። ይህ ክልከላውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ቅጣቱ በምን ወንጀልና በየትኛው ፍርድ እንደተጣለ ለመጠየቅ ግን ያስገድዳል።

ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ያቀርባል። ፈቃድ ሰጪው አካልም አመልካቹ በቂ ምክንያት እንዳለው፣ መጠጥ እንደማያሸንፈው፣ አእምሮው ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እዚያ የ1968ቱ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ በሚያሳስር ወንጀል የተፈረደበትን ሰው ይከለክላል፣ የ1993ቱ ደግሞ ሻጩ የገዢውን ታሪክ እንዲያጣራ ያዛል፤ ሆኖም በብዙ ግዛቶች ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ማጣራቱ የለም። በኬንያ ግን ሽያጩ ብቻ ሳይሆን ይዞታው ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል።

የዚህን ጥቅም ያሳየው እ.ኤ.አ. የታኅሣሥ 2018 ውሳኔ ነው። የወቅቱ የኬንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ፍሬድ ማቲያንጊ ፈቃድ ያላቸው ሲቪሎች በሙሉ በ90 ቀናት ውስጥ እንደ አዲስ እንዲጣሩ አዘዙ። በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፤ ሲገዛ ንጹሕ የነበረ ሰው ከዓመታት በኋላ ሊፈረድበት ይችላልና፣ በግዢ ዕለት ብቻ የሚደረግ ማጣራት ይህን ሰው አያገኘውም።

ነገር ግን ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጥናት ተቋም ለእ.ኤ.አ. 2017 ባወጣው ግምት፣ በኬንያ ሲቪሎች እጅ ከነበሩት 750,000 ያህል መሣሪያዎች የተመዘገቡት 8,136 ብቻ ነበሩ። የፈቃድ ማጣራት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ለሚሆነው ነው። የቀረውን ለመድረስ እያንዳንዱ መሣሪያ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊቱ ጭምር፣ ምልክት ተመቶበት ከማን እጅ እንደወጣ መታወቅ አለበት። ኢትዮጵያም የፈረመችው እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮል አባል አገሮችን ምልክትና ምዝገባ የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

እኛም በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥተናል። የወንጀል ሪከርድ ክልከላ እንዲሠራ ከተፈለገ የወረዳና የዞን ፍርድ ቤቶች የጥፋተኝነት ውሳኔ ሳይዘገይ ፈቃድ ሰጪው መዝገብ ላይ መስፈር ይኖርበታል፤ ፈቃድ በታደሰ ቁጥርም መዝገቡ እንደገና መታየት አለበት።