ለልጆቻችሁ ጊኒ ፒግ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የሚያስፈልጉትና ሱቅ ትታችኋቸው የምትወጡት ዕቃዎች

ዛሬ ከወትሮው ዜናችን ወጣ ያለ ጉዳይ ይዘን መጥተናል።

ሰሞኑን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የሚኖሩ አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፉልን። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ለልደቷ ጊኒ ፒግ ተገዝቶላት ነበር። ከሱቁም "ለጀማሪ የተሟላ" የተባለ ጥቅል አብረው ገዙ፦ ትንሽ ወለሉ ሽቦ የሆነ ኬጅ፣ መሽከርከሪያ ጎማ፣ አንድ ከረጢት የሴዳር ሰጋቱራ እና የጥንቸል መኖ። በአራተኛው ወር እንስሳዋ ማነከስ ጀመረች። ቀጥላ መብላት አቆመች። ሐኪም ጋር ሲደርሱ ረፍዶ ነበር። "የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው" ተባሉ።

እናትየው የጻፉልን ስለወጣው ገንዘብ አይደለም። "ልጄ 'እኔ ነኝ የገደልኳት' እያለች ታለቅሳለች። አሁን ሌላ እንድገዛላት ትፈልጋለች፣ እኔ ግን ፈራሁ። ምን ልግዛ? ምንስ ልተው?" ነው ያሉን።

ልጅቷ አልገደለቻትም። ጥቅሉ ውስጥ ከነበሩት አራት ዕቃዎች አንዱም ለጊኒ ፒግ የሚሆን አልነበረም። እዚያው አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ያላችሁ ብዙ ወላጆች ይሄ ጥያቄ ስለሚደርስባችሁ፣ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩትን ሰብስበን እንዲህ በቅደም ተከተል አቅርበነዋል። አስቀምጡት፣ ሱቅ ስትሄዱ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት።

በመጀመሪያ፦ ይቺ እንስሳ ማን ናት?

ስሟ ያሳስታል። ከጊኒም አልመጣችም፣ አሳማም አይደለችም። የትውልድ አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። እዚያ ሰው ካላመዳት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሆኗታል፤ ፔሩ ውስጥ "ኩይ" እያሉ እስከ ዛሬ ለምግብ ያረቧታል። ወደ አውሮፓ የገባችው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ስታድግ ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ትመዝናለች። በደንብ ከተያዘች ከ5 እስከ 8 ዓመት ትኖራለች። ይሄን ቁጥር ልብ በሉት። ዛሬ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የምታሳድጋት እንስሳ ልጅቷ ሃይስኩል ስትገባም ቤት ውስጥ ልትኖር ትችላለች። አያት ቤት ካሉ "አይጥ በገንዘብ ገዝታችሁ?" ማለታቸው አይቀርም፤ ከአይጥ ወገን መሆኗም እውነት ነው። ግን እንደ አይጥ ችላ ተብላ የምትኖር አይደለችም።

1. ጓደኛ

ዕቃ ባይሆንም ዝርዝሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጊኒ ፒግ የመንጋ እንስሳ ናት፤ ብቻዋን ስትቀመጥ ትጨነቃለች። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማሳደግን ከልክላለች። ስለዚህ ስታስቡ ሁለት አስቡ።

ግን ተጠንቀቁ፦ ሁለቱም ሴት ወይም ሁለቱም ወንድ መሆናቸውን የእንስሳት ሐኪም ያረጋግጥላችሁ። ሻጮች ጾታ መሳሳታቸው የተለመደ ነው። ወንዱ ገና በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ሊችል ይችላል። እርግዝናው ከ59 እስከ 72 ቀን ነው። ሴቷ ደግሞ ከሰባት ወር ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ካረገዘች የዳሌዋ አጥንት ስለሚጠብቅ ወሊዱ ሊገድላት ይችላል።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ያለውን የእንስሳት መጠለያ ጠይቁ። ሰው ገዝቷቸው ሲሰለች የሚጥላቸው ብዙ ናቸው። የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የቤት እንስሳት ሱቆች ጊኒ ፒግ እንዳይሸጡ የከለከለው መጠለያዎች ስለተጨናነቁ ነው።

2. ቤታቸው

ሱቅ ውስጥ "ለጊኒ ፒግ" ተብለው የሚሸጡ ኬጆች አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው። ሥዕሉን አትመኑ፣ ሜትር ይዛችሁ ለኩ። ለሁለት ጊኒ ፒጎች ትንሹ ስፋት 7.5 ስኩዌር ፊት ነው፤ በእኛ ልኬት 0.7 ካሬ ሜትር አካባቢ። 10.5 ስኩዌር ፊት (ወደ 1 ካሬ ሜትር) ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። ጊኒ ፒግ ሯጭ እንጂ ወጣጭ አይደለችም፤ ስለዚህ ከፎቅና ደረጃ ይልቅ የወለል ስፋት ነው የሚጠቅማት።

ወለሉ ድፍን ይሁን። የሽቦ ወለል እግራቸውን ያቆስላል፤ ቁስሉ መግል ይዞ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል። ብዙ አሳዳጊዎች ተገጣጣሚ የሽቦ ፍርግርግ ለግድግዳ፣ የፕላስቲክ ሉህ ለወለል ገዝተው ራሳቸው ይሠሩታል። ከሱቁ ኬጅ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም ይረክሳል።

የት ይቀመጥ? ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ነፋስ የማይገባበት ቦታ። የሚስማማቸው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ሙቀት ብርድ ከሚጎዳቸው በላይ ቶሎ ይገድላቸዋል። አንድ የእኛ ቤት ጉዳይም አለ፦ ሳንባቸው ስስ ስለሆነ ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት፣ በርበሬ የሚታመስበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጧቸው።

3. ጉዝጓዝ

ሰጋቱራ ሁሉ አንድ አይደለም። የሴዳር እና ያልታከመ የፓይን ፍቅፋቂ ሽታው ለእኛ ደስ ይላል፤ ለእነሱ ግን ሽታው ራሱ ሳንባና ጉበት ይጎዳል። የሚሆነው ከወረቀት የተሠራ ጉዝጓዝ ነው፤ አለበለዚያ የአስፐን ዛፍ ፍቅፋቂ። ሌላው አማራጭ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ሲሆን ከሥሩ ውኃ የሚመጥ ፎጣ ይደረጋል፤ እየታጠበ ስለሚመለስ በረጅም ጊዜ ወጪ ይቀንሳል።

እርጥብ ቦታውን በየቀኑ አንሱ፤ ሙሉውን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ቀይሩ። ገብታችሁ ዓይናችሁን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ከሸተታችሁ፣ እነሱ አፍንጫቸው እዚያው ላይ ነው የሚውለው።

4. ድርቆሽ

ከምግብ ዕቃ አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉን ድርቆሽ እንላችኋለን። ከሚበሉት 80 በመቶ ገደማው እሱ ነው፣ ቀንና ሌሊት ሊጠፋባቸው አይገባም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ ድርቆሽ ሲያኝኩ ነው የሚሞረደው። ሁለተኛ፣ አንጀታቸው ያለማቋረጥ ካልሠራ ይቆማል።

የምትገዙት ቲሞቲ የሚባለውን የሣር ድርቆሽ ነው። አልፋልፋ የሚባለው አረንጓዴና ማራኪ ቢሆንም ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ለትልልቆቹ የፊኛ ጠጠር ያመጣል። እሱ ከስድስት ወር በታች ላሉትና ለእርጉዞች ነው። ጥሩ ድርቆሽ አረንጓዴነት አለው፣ የሣር ሽታ ይሸታል፤ ከሻገተ ወይም አቧራ ከሆነ መልሱት።

5. እንክብል መኖና ቫይታሚን ሲ

እናትየው ቤት የተፈጠረው ችግር እዚህ ጋ ነው። ጊኒ ፒግ ልክ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ ሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም። እንዲያውም ስከርቪ የሚባለው በሽታ ከምግብ እጥረት እንደሚመጣ በእንስሳ ላይ ያሳዩት አክሰል ሆልስት እና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ይሄን ያደረጉት በጊኒ ፒግ ላይ ነው። ጥንቸል ግን ቫይታሚኑን ራሷ ትሠራለች፤ ስለዚህ የጥንቸል መኖ ላይ አይጨመርም። ከረጢቶቹ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ እንክብሉም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ግን የሞትና የሕይወት ነው።

ስለዚህ፦
- ከረጢቱ ላይ "ለጊኒ ፒግ" የሚልና ቫይታሚን ሲ የተጨመረበት መሆኑን አንብቡ።
- የተመረተበትን ቀን እዩ። ቫይታሚን ሲ እየዋለ ሲያድር ይጠፋል፤ ከተመረተ በ90 ቀን ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ርካሽ ነው ብላችሁ ትልቁን ከረጢት አትግዙ።
- ዘር፣ ለውዝና ባለቀለም ፍርፋሪ የተቀላቀለበትን ተዉት። እንደ ልጅ ጣፋጩን መርጠው ዋናውን ይተዋሉ።
- ለአንዷ በቀን አንድ ስምንተኛ ኩባያ ገደማ ይበቃል።

ጤነኛ ትልቅ ጊኒ ፒግ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም አካባቢ ቫይታሚን ሲ ትፈልጋለች። ውኃ ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታ አትግዙ፤ ብርሃንና ውኃ ቶሎ ያበላሹታል፣ ጣዕሙ ከቀየረባቸውም ውኃውን ሊተዉት ይችላሉ። ከሱ ይልቅ ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ያለው የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ፣ ቤል ፔፐር የሚባለው፣ በየቀኑ ቁራጭ ቢሰጣቸው የተሻለ ይሠራል።

አትክልቱ በቀን ለአንዷ አንድ ኩባያ ያህል ይሁን። ሮሜን ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ቤል ፔፐር ጥሩ ናቸው። ጎመን በመጠኑ። ካሮትና ፍራፍሬ ስኳር ስላላቸው አልፎ አልፎ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ የቲማቲም ቅጠልና ግንድ፣ ቸኮሌት፣ ወተት፣ ሥጋ ፈጽሞ አይሰጥም። ወጥ የነካው እንጀራም እንደዚያው። "ትንሽ ቅመሺ" ፍቅር ነው፣ ለእሷ ግን አይሆንም።

6. ትንንሽ ዕቃዎች

- የውኃ ጠርሙስ፦ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ትጣበቃለች፣ ሞልቶም አይወጣም። በየቀኑ ቀይሩ፣ በጣታችሁ ነክታችሁ ሞክሩት።
- መደበቂያ፦ ፈሪ እንስሳት ስለሆኑ ለእያንዳንዷ አንድ፣ ሁለት መውጫ ያለው። በሩ አንድ ብቻ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ታግትበታለች። ከካርቶን ቆርጣችሁ መሥራት ትችላላችሁ።
- የጥፍር መቁረጫ፦ በየሦስትና አራት ሳምንቱ ያስፈልጋል። ጥፍር ውስጥ ያለውን የደም ሥር እንዳትነኩ።
- የኩሽና ሚዛን፦ በግራም የሚለካ። ከሁሉም በላይ የምንመክረው ዕቃ ይሄ ነው፣ ለምን እንደሆነ ከታች እንነግራችኋለን።

ሱቅ ትታችሁት የምትወጡት

መሽከርከሪያ ጎማና ውስጡ የሚሮጥበት ኳስ፦ ለሃምስተር የተሠሩ ናቸው፤ የጊኒ ፒግ ጀርባ እንደዚያ አይታጠፍም፣ ይጎዳል። የአንገት ማሰሪያ፣ የሚላስ ጨው፣ የእርጎ ከረሜላ፣ ለሰው የተሠራ መልቲቫይታሚንም አያስፈልጉም።

ሐኪምና መድኃኒት፦ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት

ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ጊኒ ፒግ አያክምም። እንስሳዋን ከማምጣታችሁ በፊት ትንንሽና ልዩ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ፈልጉ፣ ስልኩን መዝግቡ።

ብዙዎቻችን ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አይጠፋም። ለጊኒ ፒግ በጭራሽ እንዳትሰጡ! አሞክሲሲሊንም ሆነ ሌሎች የፔኒሲሊን ዘሮች በአፍ ሲሰጧት አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፉና መርዝ የሚያመነጩት ይነግሣሉ። በቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች።

ጊኒ ፒግ ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር የደከመ ይበላልና። ለዚህ ነው ሚዛን ያልናችሁ። በሳምንት አንዴ መዝኑና ጻፉ። በአንድ ሳምንት 50 ግራም ገደማ ከቀነሰች በቅርበት ተከታተሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ለሐኪም ደውሉ። ማነከስ፣ መንቀሳቀስ መጥላት፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የድድ መድማት፣ የተንጨባረረ ፀጉር የቫይታሚን ሲ እጥረት ምልክቶች ናቸው። ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች ደግሞ ድንገተኛ ነው፣ ነገ አትበሉ።

ለልጆችም፦ ጭርትና ሳልሞኔላ ልታስተላልፍ ስለምትችል ከነኳት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ሲይዟት መሬት ላይ ተቀምጠው ይሁን፤ ከልጅ እቅፍ ወድቃ እግሯ የሚሰበር ብዙ ናት።

ለእናትየውም

ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሳምንት ይውሰዱ። መጀመሪያ ቤቱን ሠርተው፣ ድርቆሹን ገዝተው፣ ሐኪሙን አግኝተው ይጨርሱ፤ እንስሳቱ መጨረሻ ይምጡ። ሚዛኑንና ደብተሩን ደግሞ ለልጅዎ ይስጧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመዝን፣ ቁጥሩን ትጻፍ። እርስዎ ግን አጠገቧ ሆነው ይዩት፤ የእንስሳት ኃላፊነት የአዋቂ ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ አይጣልም። ያለፈውም እንደዚያው። የሱቁን ከረጢት ማንበብ የእሷ ሥራ አልነበረም፤ ይሄን ቁጭ አድርገው ይንገሯት።

ቤተሰብ፣ ጊኒ ፒግ ያላችሁ ወይም ልጃችሁ እየወተወተቻችሁ ያላችሁ ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ልትገዛ ያሰበች እናት ወይም ያሰበ አባት ካወቃችሁ ደግሞ ሱቅ ሳይደርሱ ሼር አድርጉላቸው።