ልምሻና ድንበር የማያግደው ቫይረስ

በዛሬው የጤና ትምህርታችን የልጅነት ልምሻን ወይም ፖሊዮን ታሪክ እናቀርብላችኋለን።

ትናንት ሲሮጥ የዋለ ልጅ ዛሬ እግሩ ሲዝል፣ ድሮ ብዙ ሰው በቡዳ ወይም በልክፍት ያመካኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ግን ካርል ላንድሽታይነርና ኤርዊን ፖፐር የተባሉ ሐኪሞች ቪየና ላይ በሽታው በቫይረስ እንደሚመጣ አሳዩ። ቫይረሱ በሰገራ ከተበከለ ውኃ፣ ምግብና እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ አንጀት ውስጥም ይራባል። አብዛኞቹ የተያዙ ልጆች ምንም አይሰማቸውም፤ አንዳንዶቹን ቀላል ትኩሳት ይይዛቸዋል። ከ200 ልጆች በአንዱ ገደማ ግን ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ገብቶ እግር ወይም እጅ ያልማል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ አንድ ልጅ ሲለምሽ በዙሪያው ቫይረሱን ሳያውቁት የተሸከሙ 200 ያህል ልጆች አሉ ማለት ነው።

ሱዳን ከ2001 በኋላ ከልምሻ ነፃ ሆና ነበር። በ2003 በሰሜን ናይጄሪያ አንዳንድ ግዛቶች «ክትባቱ ሴት ልጆችን ያመክናል» የሚል አሉባልታ ተነዝቶ ክትባት ተቋረጠ። በ2004 ዳርፉር ውስጥ አንድ ልጅ ለመሸ፤ ሲመረመር ቫይረሱ የናይጄሪያው ዘር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ካርቱም ደረሰ። በዓመቱ መጨረሻም አራት ዓመት ያህል በሽታው ጠፍቶባት ወደነበረችው አገራችን ተሻግሮ ትግራይ ውስጥ ታየ። አሉባልታው የተወራው ሩቅ አገር ነው፤ የለመሹት ግን የእኛም ልጆች ናቸው።

በነሐሴ 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተበሰረ። በዚያው ወር ግን ሱዳን ውስጥ ከክትባቱ ቫይረስ የመነጨ ወረርሽኝ ታወቀ። ይህ እንዴት ይሆናል ትሉ ይሆናል። በጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ ነው፤ ብዙ ልጆች ባልተከተቡበት ቦታ ለረጅም ጊዜ ከልጅ ልጅ ሲዘዋወር ግን ጉልበቱን መልሶ ሊያገኝ ይችላል። መፍትሔው ታዲያ ጠብታውን መሸሽ ሳይሆን አንድም ልጅ ሳይቀር ማስከተብ ነው።

በሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የብዙ ልጆች ክትባት ተቋርጧል። ስለዚህ፦

• በስደት መንገድ የክትባት ካርዱ ቢጠፋባችሁም ልጁን አምጡት፤ ተደጋጋሚ ጠብታ አይጎዳውም።
• ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ቢዝል በዚያው ቀን ለጤና ሠራተኛ ንገሩ።
• ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ልምሻ መከላከያ እንጂ ማዳኛ መድኃኒት የለውም።