የኮረኮንች ብስክሌት

«ግራቭል» በብስክሌት ሱቆች፣ በስፖርት ዘጋቢዎችና በጉዞ አዘጋጆች ዘንድ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ እየገነነ የመጣ ቃል ነው። አስፋልት ባልለበሰ የገጠር መንገድ፣ በጠጠርና በአቧራ ላይ፣ ረጅም ርቀት በብስክሌት መጓዝ ማለት ነው። በአማርኛ «የኮረኮንች ብስክሌት» ቢባል ይስማማዋል። «የተራራ ብስክሌት» ስንል መሣሪያውንም ስፖርቱንም እንደምንጠራ ሁሉ ይህም ስም ለሁለቱ ያገለግላል። የሚኬድበት «የኮረኮንች መስመር»፣ የሚሄደው «የኮረኮንች ብስክሌተኛ» ይሆናል።

ሌላ አማራጭ አልጠፋም። «ጠጠር» አለ፤ ነገር ግን የመንገድ ሥራ ሰዎች «የጠጠር መንገድ» የሚሉት ተደልድሎና ተጠቅጥቆ የተሠራውን የመንገድ ደረጃ ነው። ብስክሌተኞቹ ደግሞ የእርሻ መዳረሻውንም፣ የጫካ ውስጡንም፣ ጋሪ የከፈተውንም መንገድ አይተዉም። «ፒስታ» አለ፤ ሾፌሮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው አስፋልት ላልደረሰበት መንገድ የሰጡት ስም ነው። ለሾፌር ጥሩ ቃል ነው፤ በብስክሌት ስፖርት ግን ያደናግራል፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው «የፒስታ ብስክሌት» የሚሉት ዙሪያውን ያዘነበለ፣ ለስላሳ መወዳደሪያ ላይ የሚደረገውን ነውና። «ኮረኮንች» ግን ሰሚው ገና ሳይሄድበት የሚሰማው መንገድ ነው። ቃሉ እስካሁን የአቤቱታ ቃል ሆኖ ኖሯል። «መንገዳችን ኮረኮንች ነው» የሚል የወረዳ ነዋሪ አስፋልት እየጠየቀ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ወላድ የጫነ አምቡላንስ ኮረኮንች አያሻውም። ስፖርቱ ያንኑ ዓይነት መንገድ ካርታ ላይ አስሶ፣ ወዶና ፈቅዶ ይሄድበታል። ስያሜው ይህን መዞር ሊይዝ ይገባል ባይ ነኝ፤ የሚፈለገው ድንጋዩ ሳይሆን መንገዱ ነውና።

መሣሪያው ከሩቅ ሲታይ የአስፋልት መወዳደሪያ ብስክሌት ይመስላል፤ መሪው እንደዚያው ወደ ታች የታጠፈ ነው። ዋናው ልዩነት ጎማው ላይ ነው። የአስፋልቱ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የኮረኮንቹ ከ35 እስከ 50 ይደርሳል። ብዙዎቹ የውስጥ ጎማ የላቸውም፤ በምትኩ ፈሳሽ ማሸጊያ ይጨመርባቸዋል። እሾህ ወይም ስለታም ድንጋይ ሲበሳው ፈሳሹ በቀዳዳው ሊወጣ ሲል ይረጋና ይደፍነዋል። አየሩም ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ጥርቅም ተደርጎ የተነፋ ጎማ ጠጠር ሲያገኝ ይነጥራል፤ በነጠረ ቁጥር መሬት ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይገፋም፣ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝለትም። ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን እንደ ቅርጹ አቅፎ ያልፋል።

አነዳዱም ይለያል። ዳገት ላይ ከኮርቻው ብድግ ብሎ መርገጥ አስፋልት ላይ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ክብደቱ ከኋላ ጎማ ሲነሳ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ስለዚህ ተቀምጦ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ፣ ቀላል ማርሽ አስገብቶ ሳያቋርጡ ማዞር ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደርስ ነው፤ ኩርባው ውስጥ የፊቱን ፍሬን አጥብቆ የያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ነው የሚገኘው። መኪና የበዛበት ኮረኮንች ደግሞ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይሸነተራል፤ እዚያ ላይ መሪውን አንቆ የያዘ እጁ ይደነዝዛል፣ ላላ አድርጎ የያዘ ይሻገራል።

ስሙን የሰጡት አሜሪካኖች ናቸው። በካንሳስ ግዛት ከኤምፖሪያ ከተማ የሚነሳውና ዛሬ «አንባውንድ ግራቭል» የሚባለው ውድድር በ2006 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ርቀት 200 ማይል፣ ማለትም ወደ 320 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚያልፍበት የፍሊንት ኮረብታዎች ምድር ድንጋያማነቱ ማረሻ አላስገባ ብሎ ሣሩ እንደጥንቱ የቀረ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የመጀመሪያውን የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና ያካሄደው በ2022 በሰሜን ጣሊያን፣ በቬኔቶ ነበር።

ስሙ ከአሜሪካ ይምጣ እንጂ፣ የኮረኮንች ብስክሌት ምን እንደሆነ መረዳት የፈለገ ሰው የጣሊያኗን ቶስካና ቢያይ ይሻለዋል። በሲየና ከተማ ዙሪያ ያሉት ኮረብታዎች «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ነጫጭ መንገዶች፣ በሚባሉ የጠጠር መንገዶች የተሳሰሩ ናቸው። ንጣታቸው ከኖራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ በበጋ ዱቄት ይሆናል፣ በዝናብ ነጭ ጭቃ። መንገዶቹ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። ገበሬዎቹ «ሜዛድሪያ» በሚባል ሥርዓት፣ እኛ የእኩል እርሻ በምንለው ዓይነት፣ የባለርስት መሬት እያረሱ ምርቱን ለሁለት ይካፈሉ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚያርሰው መሬት መካከል፣ ብዙ ጊዜም ኮረብታ አናት ላይ ስለሚኖር፣ ከየቤቱ ወደ ባለርስቱ ጎተራ፣ ወደ ወፍጮና ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ያስፈልግ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበሬው ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሰ፤ በ1964 የወጣ ሕግ አዲስ የእኩል ውል ከለከለ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ መንገዶቹ ግን ነበሩ።

እነሱንም አስፋልት ሊውጣቸው ተቃርቦ ነበር። ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለው የኪያንቲ ሰው በ1997 ከጋዮሌ ከተማ የሚነሳ «ኤሮይካ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ የጀመረው ስለዚህ ነው። ተሳታፊው ከ1987 በፊት በተሠራ ዓይነት ብስክሌት፣ በድሮ የሱፍ ማሊያ ይጓዛል። ማርሽ መቀየሪያው እጀታ ከመሪው ላይ ሳይሆን ከብስክሌቱ አካል ላይ ስለሆነ፣ ማርሽ ለመቀየር በጠጠር ላይ አንድ እጅ መልቀቅ ግድ ነው። ዓላማው ግን ናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚወደውና የሚመጣለት መንገድ አስፋልት አይፈስበትም የሚል ስሌት ነበረው፤ ስሌቱም ሠርቷል። ከዚያው ጉዞ በ2007 የባለሙያዎች ውድድር ተወለደ፤ ዛሬ ስሙም «ስትራዴ ቢያንኬ» ነው። የሴቶቹ በ2015 ተጨመረ። ስዊዘርላንዳዊው ፋቢያን ካንቼላራ የወንዶቹን ሦስት ጊዜ ስላሸነፈ ሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ የሚባለው ከባዱ ኮረኮንች ከስሙ ጋር ተያይዟል።

የኤሮይካ መስመር ከጋዮሌ ብዙም ሳይርቅ ወደ ብሮሊዮ ግንብ ይወጣል። ግንቡ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሪካሶሊ ቤተሰብ እጅ ያለ ነው። ረጅሙን ርቀት የሚሄዱት ገና ሳይነጋ ስለሚነሱ፣ ወደ ግንቡ የሚያወጣው ነጭ ዳገት ግራና ቀኙ በተደረደረ ችቦ ይበራል፤ መንገዱን የከበበው የፈረንጅ ጥድ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቡዎንኮንቬንቶ አለች፤ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት የነበረው ሰባተኛው ሄንሪ ነሐሴ 1313 የሞተባት በግንብ የታጠረች ከተማ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲገሪክ በ990 ገደማ ከሮም ሲመለሱ ያረፉባቸውን ቦታዎች ያስመዘገቡበት የመንፈሳዊ ተጓዦች መንገድ፣ ቪያ ፍራንቺጄና፣ በዚሁ አገር ያልፋል። ከዚያ ዳገቱ ወደ ሞንታልቺኖ ነው። ሲየና በ1555 ለጠላት እጅ ስትሰጥ የሪፐብሊኩ ሰዎች ወደዚህች ምሽግ ሸሽተው እስከ 1559 ቆይተዋል። በ2010 የጣሊያን ዙር ውድድር እዚሁ ሲደርስ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ አሸናፊው ካዴል ኢቫንስ የለበሰው የዓለም ሻምፒዮን ማሊያ ቀለሙ በጭቃ ተሸፍኖ አይለይም ነበር።

በጉዞ አዘጋጆች ማስታወቂያ ላይ ታሪካዊ ቦታዎቹ ከብስክሌቱ ጎን የተጨመሩ ማጣፈጫ ሆነው ይቀርባሉ፤ ግንብ፣ ገዳም፣ ቤተ ክርስቲያን እያሉ ይደረድራሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። በቶስካና ትልቁ ቅርስ መንገዱ ራሱ ነው። ሲየና መሃል፣ የስትራዴ ቢያንኬ ውድድር በሚጠናቀቅበት የካምፖ አደባባይ ላይ፣ የከተማው ቤተ መንግሥት ቆሟል። አምብሮጆ ሎሬንዜቲ በ1338 እና 1339 መልካም አስተዳደር ከተማውንና ገጠሩን ምን እንደሚያደርገው የሚያሳየውን ሥዕል የሳለው በዚህ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ከከተማው በር የሚወጣ መንገድ በኮረብታው መሃል ይወርዳል። ፈረስ የተቀመጡ ባላባቶች ለአደን ይወጣሉ፤ አንድ ገበሬ ወገቡ ላይ ነጭ መቀነት ያለው ጥቁር አሳማ እየነዳ ወደ ከተማው ይገባል፤ የተጫኑ አህዮች ይከተላሉ። ሠዓሊው የመልካም አስተዳደርን ፍሬ ሲያሳይ፣ ሰው ያለ ፍርሃት የሚመላለስበትን መንገድ አንዱ ምልክት አደረገው። በኮረብታው ላይ ዛሬ በብስክሌት የሚኬደው የዚያ ዓይነት መንገድ ነው፤ አስፋልት ቢፈስበት ግንቦቹ ይቀራሉ፣ ግንቦቹን ከገበሬው ደጃፍ ያገናኘው ግን ይጠፋል።

የኤሮይካ መስመር 209 ኪሎ ሜትር ሲሆን በመንገድ ዳር ምልክቶች ተለይቶ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ለውድድር መመዝገብ አያስፈልግም። በአውሮፓ የሚኖር አንባቢ መሞከር ቢፈልግ ሙሉውን ከመጀመር ይልቅ ከሲየና በክልል ባቡር፣ ብስክሌት በሚጭነው፣ እስከ አሻኖ ሄዶ በሞንቴ ሳንቴ ማሪዬ በኩል መመለስ ይችላል። ይህ ኮረኮንች 11.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግራጫ የሸክላ አፈር ኮረብታዎችን እየወጣና እየወረደ ወደ ካስቴልኑዎቮ ቤራርዴንጋ ያደርሳል። ከዚያ ሲየናውያን በ1260 የፊሬንዜን ጦር የደመሰሱበት ሞንታፔርቲ ይመጣል፤ በጦርነቱ ሥፍራ አጭር ግን ቀጥ ያለ የኮረኮንች ዳገት አለ። የሚያዝያና የግንቦት አየር ይመረጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ በሸክላው ኮረብታ ላይ ጥላ የለም፣ ውኃ የሚቀዳበት ቦታም ሩቅ ለሩቅ ነው፤ ሁለት ኮዳ ሞልቶ መነሳት ያስፈልጋል።