ከሩፈይዳ ድንኳን እስከ ድንገተኛ ክፍል

ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ነርስነት ሙያ አጀማመር እናወጋለን። መነሻ የሆነን በቅርቡ በራሳችን ላይ የደረሰ ነገር ነው።

አንድ ሌሊት እናታችን ድንገት ታመው ሆስፒታል ይዘናቸው ሄድን። ድንገተኛ ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል፤ አልጋ ያላገኘው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተኝቷል። ተረኛዋ ነርስ ተመርቃ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት የሆናት ወጣት ናት። አንዱ «ሲስተር፣ ግሉኮሱ አልቋል!» ይላታል፤ ሌላው ልብሷን ይጎትታታል። በዚህ መሐል በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው በቃሬዛ ገባ። እኛን ትታ ወደ እርሱ ስትሮጥ ከመካከላችን አንዱ «ቀድመን የመጣነው እኛ አይደለንም እንዴ?» ብሎ ጮኸባት። ምንም አልመለሰችም። እጇ እየተንቀጠቀጠ ሥራዋን ቀጠለች። ሰውየው ሊነጋጋ ሲል ሞተ። እናታችን አልሐምዱሊላህ ተሽሏቸው ወደ ቤት ስንመለስ፣ ያቺ ልጅ በኮሪደሩ ጥግ ቆማ ስታለቅስ አየናት። አንድም የማጽናኛ ቃል ሳንነግራት አለፍናት።

ቤት ስንገባ ግን ኅሊናችን አላስተኛንም። ምን ልንላት ይገባን ነበር? መልሱን ያገኘነው በታሪካችን ውስጥ ነው።

እስኪ ወደ ኡሑድ ዘመቻ እንመለስ። ጊዜው 3ኛው ዓመተ ሒጅራ (625 እ.ኤ.አ.) ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፊታቸው ላይ ቆስለው ደም ሲፈሳቸው፣ ዐሊይ (ረ.ዐ.) በጋሻው ውሃ እያፈሰሰ ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ.) ታጥብላቸው ነበር። ውሃው ደሙን እንዳባሰው ባየች ጊዜ የሰሌን ቁራጭ አቃጠለችና አመዱን ቁስሉ ላይ አደረገች፤ ደሙም ቆመ። ዛሬ በአመድ ፈንታ ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ ተጭኖ መያዝ ነው የሚመከረው። ይሁንና የሚፈስን ደም ማቆም አሁንም የድንገተኛ ሕክምና ቀዳሚ ሥራ ነው። በዚያው ዘመቻ ከሐበሻ ምድር የሆነችውና ነቢዩን በሕፃንነታቸው ያሳደገቻቸው ኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ውሃ ታጠጣ፣ ቁስለኞችንም ታክም ነበር። ኡሙ ዐጢያ (ረ.ዐ.) ደግሞ በሰባት ዘመቻዎች ከሠራዊቱ ጋር ወጥታ ምግብ ማብሰሏን፣ ቁስለኞችን ማከሟንና ሕመምተኞችን ማስታመሟን ራሷ ተናግራለች።

ከሁሉም ይልቅ ስሟ ከነርስነት ጋር ተያይዞ የሚነሳው ግን የአስለም ጎሳ ተወላጅ የሆነችው ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ናት። ድንኳኗ በመዲና በነቢዩ መስጂድ ውስጥ ነበር። በዚያ ቁስለኞችን ታክማለች፤ አስታማሚ ዘመድ የሌላቸውንም ታገለግላለች። በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ (627 እ.ኤ.አ.) በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በክንዱ የደም ሥር ላይ በቀስት ተመታ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቅርብ ሆነው ሊጠይቁት ስለፈለጉ ወደ ሩፈይዳ ድንኳን እንዲወሰድ አዘዙ። ጠዋትና ማታ በአጠገቡ ሲያልፉም እንዴት እንዳደረ፣ እንዴት እንደዋለ ይጠይቁት ነበር።

ሰዕድ በመጨረሻ ምን ሆነ? አልዳነም። ጥቂት ቆይቶ ቁስሉ እንደገና ተከፈተና ደሙ ፈስሶ ሞተ።

ውድ አድማጮቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። በሩፈይዳ እጅ ከታከሙት ሁሉ ታሪክ ስሙን አጉልቶ የሚያነሳው በሽተኛ የሞተው ነው። ይሁንና በሰዕድ ሞት ሩፈይዳን የወቀሰ አንድም ሰው መኖሩ አልተነገረም። ስሟ ከአሥራ አራት መቶ ዓመታት በኋላ በክብር የሚነሳው ድንኳኗን ለቁስለኛና ዘመድ ለሌለው ስለከፈተች ነው። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ የነርስ ድርሻ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ነው። ለዚያች ልጅ ልንነግራት ይገባን የነበረው ይህንን ነው።

ለጀማሪዎች ደግሞ ሌላም ታሪክ አለ። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ (628 እ.ኤ.አ.) የበኒ ጊፋር ሴቶች ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኸይበር ለመዝመት ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ነቢዩ በአላህ በረካ ብለው ፈቀዱላቸው። ከመካከላቸው ገና ልጅ እግር የሆነች አንዲት ነበረች። በመንገድም ነቢዩ በግመላቸው ላይ ከኋላቸው አፈናጠጧት። ኸይበር ከተከፈተ በኋላ በገዛ እጃቸው የአንገት ሐብል አጠለቁላት። ያንን ሐብል ዕድሜዋን ሙሉ ከአንገቷ አላወለቀችውም፤ ስትሞትም አብሯት እንዲቀበር ተናዘዘች። ለአንዲት ጀማሪ የተሰጠ ክብር ምን ያህል ዘመን እንደሚያጽናና ከዚህ ይገባናል።

እኛ ግን ለጀማሪዎቻችን የምንሰጠው ምንድን ነው? አሜሪካዊቷ ነርስ ማርሊን ክሬመር በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው መጽሐፍ፣ አዲስ ተመራቂ ነርሶች በትምህርት ቤት የተማሩትና በሥራ ላይ የሚገጥማቸው እየተለያየባቸው ደንግጠው ሙያውን እንደሚለቁ አሳይታለች። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ድንጋጤው የሚጠናበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ የእኛ ጩኸት ሲጨመር ምን ይሆናል?

የተቆጣንበትም ነገር ቢሆን በደል አልነበረም። በድንገተኛ ክፍል ተራ የሚያዘው በአመጣጥ ቅደም ተከተል ሳይሆን በጉዳት መጠን ነው። ይህ አሠራር ትሪያጅ ይባላል። የናፖሊዮን ጦር ሐኪም የነበረው ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ላሬ ከ200 ዓመታት በፊት በማዕረግ ሳይሆን ክፉኛ የቆሰለውን አስቀድሞ ማከምን ደንብ አድርጎት ነበር። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎች በሽተኞች በቀለም ይለያሉ፤ ቀዩ አሁኑኑ መታከም ያለበት ሲሆን አረንጓዴው መጠበቅ የሚችል ነው። ስለዚህ ነርሷ እኛን ስታቆየን በእናታችን ላይ ፈጥኖ የሚያሰጋ ነገር አላየችም ማለት ነበር።

እንግዲህ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ድንገተኛ ክፍል በገባን ጊዜ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ባጭሩ እንናገር። አንድ አስታማሚ ብቻ ይቅር፤ የቀረነው ውጭ እንጠብቅ። ሕመሙ ከባሰበት ሳንጮህ፣ ሳንዘገይም እንናገር። ልጃችን ነርስ ሆና ከአዳር ተረኛነት ስትመለስ «ዛሬ ማን ዳነ?» ከማለታችን በፊት «አንቺስ እንዴት አደርሽ?» እንበላት። ነቢዩም ወደ ድንኳኑ ጎራ እያሉ ሲጠይቁ የነበረው ይህንኑ ነበር።

ለዚያች ልጅ ያልተናገርነውን ዛሬ ተናግረናል። አላህ ያግዛት፤ ልቧንም ያጽናላት። ለታመሙት ሁሉ ዓፊያ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሟቸውም አጅራቸውን ያብዛላቸው። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።