የውጅግራው እርሳስ

ቤቴል ባለው ቤታችን፣ አባቴ ከገጠር ይዘውት በመጡት የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረች አንዲት ጥይት አለች። የውጅግራ ጥይት ናት። ባለቤቷ ቅድመ አያቴ ነበሩ። ባሩዷ ከተራገፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው የናስ ቀለሃዋና ከቀለሃው ተላቅቆ ለብቻው የሚንከባለለው እርሳሷ ነው። ሣጥኑ የሚከፈተው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ነው። ባለፈው በዓል እንደ ልማዱ ሣጥኑ ተከፍቶ አባቴ የአያታቸውን ግዳይ ሲተርኩ፣ የሦስት ዓመት ልጄ እርሳሱን አንስታ እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዘልዬ በጣቴ አወጣሁት። አባቴ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያስደነግጥሻል? እኔም እሷን እየጠባሁ ነው ያደግሁት።»

«አባባ፣ እርሳስ እኮ መርዝ ነው። በውጭ አገር አዳኞች እንኳ ከጥይታቸው እያወጡት ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «በምን ሊተኩሱ ነው ታዲያ? በመዳብ? መዳብ ለድስትና ለጉትቻ ይሆናል እንጂ አውሬ ይጥላል?»

መልስ አልነበረኝም። እነሆ፣ ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያጣሁትን መልስ ፍለጋ የሄድኩበት መንገድ ነው።

ከስሙ ልጀምር። በልጅነቴ ውጅግራ ማለት ጅግራ የሚገደልበት ጠመንጃ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ስረዳ ቃሉ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሆኖ ተገኘ፤ ግራ ጠመንጃውን እ.ኤ.አ. በ1874 ያዘጋጀው የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነው። ሰናድርም ከአሜሪካዊው ስናይደር፣ ምንሽርም ከኦስትሪያው ማንሊከር ስም የመጡ ናቸው። እርሳስን ደግሞ ግዕዙ ዐረር ይለዋል። በኦሪት ዘጸአት የፈርዖን ሠራዊት በባሕር ውስጥ እንደ ዐረር መስጠሙ ተጽፏል። በአማርኛችን አረር ማለት ጥይቱ ራሱ እስከ መሆን ደርሷል። በሌላ በኩል ተማሪ የሚጽፍበትንም «እርሳስ» እንለዋለን፤ ምንም እንኳ በውስጡ ያለው ግራፋይት እንጂ እርሳስ ባይሆንም። እንግዲህ እርሳስ በአንደበታችን የጀግናም የተማሪም ዕቃ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል?

ለመሆኑ ጥይት ለምን ከእርሳስ ተሠራ? ምክንያቱ ቀላል ነው። እርሳስ ከባድ ነው፤ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትሩ 11.3 ግራም ይመዝናል፣ የመዳብ ግን 8.9 ብቻ ነው። ከባድ ነገር ደግሞ ርቆ ሲሄድም ጉልበቱን አይጥልም። እርሳስ ለስላሳም ነው፤ አፈሙዙን ሳይጎዳ ያልፋል፣ ገላ ሲያገኝም ተዘርግቶ ቁስሉን ያሰፋል። ከሁሉም በላይ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ይህ ማለት ማንም ሰው በቤቱ ከሰል ላይ አቅልጦ በቅርጽ ሊያፈሰው ይችላል ማለት ነው። መዳብ ለመቅለጥ 1085 ዲግሪ ይፈልጋል። አባቴ እንደሚሉት ቅድመ አያቴ የተተኮሰ እርሳስ ከዛፍ ግንድ ፈልቅቀው አውጥተው እንደገና ያቀልጡት ነበር።

ወደ አገራችን የገቡት የ19ኛው ምዕተ ዓመት ጠመንጃዎች ሁሉ ሲሳያቸው እርሳስ ነበር። በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1875 እና በ1876፣ ከግብፅ ሠራዊት የተማረከው ሬሚንግተንም፣ ከታጁራና ከኦቦክ በግመል እየተጫነ ወደ ሸዋ የወጣው መሣሪያም እንዲሁ ነው። ቅኔውን እርግፍ አድርጎ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1887 ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ድረስ መጥቷል። የውጅግራ ጥይት ከመሣሪያነት አልፎ ገንዘብም ሆነ፤ ከአሞሌ ጨው ጎን ቆሞ ለማርያ ቴሬዛ ብር መዘርዘሪያ ያገለገለበት ዘመን ነበር። የአንዷ ጥይት እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል። እንግዲህ ገበያ የወጣ ሰው እርሳሱን በኪሱ ይዞ ጨውና በርበሬ ይገዛበት ነበር ማለት ነው።

አደኑም ከዚሁ ጋር ተለወጠ። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው በፉከራ፣ በጆሮ ጉትቻ፣ በአንበሳ ጎፈር የሚከበርበት አገር ነው። በሰቲት ወንዝ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1861 ያደነው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር፣ የሐምራን አዳኞች ዝሆንን በፈረስ አባረው በጎራዴ ቋንጃውን ሲቆርጡ አይቶ ተደንቋል። እሱ ራሱ ግን ለስላሳው እርሳስ ለወፍራም ቆዳ ስለማይበጅ ከባዜቃ ጋር ቀላቅሎ ያጠነክረው ነበር። ጠመንጃ ሲበዛ ግን ጎራዴ የጠየቀው ድፍረት ቀረና አውሬው አለቀ። የአደን ደንብ የወጣውም ስለዚህ ነው፤ መጀመሪያ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1901 ዓ.ም. ገደማ፣ ቀጥሎም በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ።

አሁን ወደ መርዙ እንምጣ። የሮማው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ ከእርሳስ ቧንቧ ይልቅ በሸክላ ቧንቧ የሚመጣ ውኃ ለጤና እንደሚሻል ከ2000 ዓመት በፊት ጽፏል። ስለ ጥይት ግን ነገሩ የተነሣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ በርድ ግሪኔል በሚያዘጋጀው የአደን ጋዜጣ ላይ ዳክዬዎችና ዝይዎች በእርሳስ ተመርዘው እንደሚሞቱ አሳወቀ። የተተኮሱት አይደሉም የሞቱት፤ የተሳቱት ናቸው። የውኃ ወፍ ምግቧን የምትፈጨው ትናንሽ ጠጠር በመዋጥ ነው። ከኩሬው ጭቃ የወደቀውን ጥቃቅን እርሳስ ጠጠር መስሏት ትለቅመዋለች። እርሳሱ በሆዷ ተፈጭቶ ወደ ደሟ ይገባል፤ ክንፏ ይዝላል፣ ትመነምናለች፣ ትሞታለች። ይህ ከታወቀ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የውኃ ወፍ በእርሳስ እንዳይታደን በመላ አገሪቱ የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። 97 ዓመት ፈጀ!

የምትበላውን ሥጋ ነገርስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ነበር የተሠራው፦ በተለመደው የእርሳስ ጥይት የተገደሉ 30 አጋዘኖች በራጅ ተነሡ። በሁሉም ገላ ውስጥ የብረት ስብርባሪ ታየ፤ በአንዳንዱ 15፣ በአንዳንዱ ከ400 በላይ። ከዚያ ሥጋው በባለሙያ ተፈጭቶ ታሸገ። ከ234 እሽጎች ውስጥ ሲሶ የሚሆኑት ስብርባሪ ተገኘባቸው። ይህ ሥጋ ለአሳማዎች ተሰጥቶ ደማቸው ሲመረመር የእርሳስ መጠኑ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስብርባሪው ከቁስሉ ብዙ ርቆ ስለሚበተን በዓይን አይታይ፣ በቢላ ተቆርጦ አይወጣ። የዓለም የጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ ሕፃን ደግሞ ከዋጠው እርሳስ ወደ ገላው የሚያስገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው። ይህን ሳነብ የልጄ አፍ ታወሰኝ።

ታዲያ የአባቴ ጥያቄ፦ መዳብ አውሬ ይጥላል? ይህንንም ፈትነውታል። ጥይቱን በውኃ ወይም ሥጋ በሚመስል ጄላቲን ውስጥ ይተኩሱና መልሰው ያወጡታል፤ ይመዝኑታል። የእርሳሱ ጥይት ብዙ ክብደቱን በስብርባሪ ጥሎ ይወጣል። አፉ ተፈልፍሎ የተሠራው የመዳብ ጥይት ግን እንደ አበባ ይፈነዳና ክብደቱን ከሞላ ጎደል ይዞ ይገኛል። በዴንማርክና በጀርመን ደግሞ አዳኞች እንስሳው ከተመታ በኋላ ስንት ሜትር ሮጦ እንደወደቀ እየለኩ መዘገቡ፤ በደንብ ከተመረጠ የመዳቡ ከእርሳሱ አላነሰም። ዴንማርክ የወፉን ጥቃቅን እርሳስ እ.ኤ.አ. በ1996፣ የጠመንጃውን ጥይት ደግሞ በ2024 ከለከለች። የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛትም ኮንዶር የተባለውን ትልቅ ጥንብ አንሳ ለማዳን ብላ ከ2019 ጀምሮ ለአደን ሁሉ ከልክላለች።

እውነቱን ሳልደብቅ፣ አዲሱም እንከን አለው። መዳብ ቀላል ስለሆነ እኩል ክብደት እንዲኖረው ጥይቱ መርዘም አለበት፤ ረጅሙን ጥይት ቀጥ አድርጎ የማይልክ ጠመንጃ ይኖራል። ስለዚህ አዳኙ በራሱ ጠመንጃ ዒላማ ላይ ሳይፈትን ጫካ መግባት የለበትም። ለወፍ አደን በእርሳስ ፋንታ የመጣው የብረት ፍንጣሪም ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ሩቅ ላይ ይደክማል፣ አሮጌ አፈሙዝም ሊጎዳ ይችላል። ቢስሙዝ ለአሮጌው አፈሙዝ ይስማማል፣ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ይህን ሁሉ ሳገላብጥ ነው አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ያገኘሁት። ያለ እርሳስ ጥይት የዛሬ ፈጠራ አይደለም! ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ ካገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 ሌበል የተባለውን ጠመንጃ ሠሩ። እኛ ለበን የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ለዚሁ ጠመንጃ «ዲ» የተባለ ጥይት አወጡለት፤ ከአፍ እስከ ጭራው ወጥ የሆነ፣ መዳብ በጥቂት ዚንክ ተቀላቅሎ የተሠራ፣ ቅንጣት እርሳስ የሌለበት። ያን ያደረጉት ለጤና ብለው አይደለም፤ ርቆ እንዲሄድላቸው ነው። ሄደም።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከቤቴል ወደ ምዕራብ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ወጨጫ ተራራ አለ፣ በጫካው የምኒልክ ድኩላ ይኖራል። ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ገፈርሳ አለ፤ ከአገራችን ደጋ ሌላ አገር የሌላት ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ከዳርቻው ትግጣለች፣ በክረምታቸው ከአውሮፓ የሚሰደዱ ዳክዬዎችም ወደ አገራችን ሐይቆች ይወርዳሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የገባችበት የአፍሪካና የዩራሲያ ተሰዳጅ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል አገሮች በረግረግ ቦታ በእርሳስ ማደንን እንዲያስቀሩ ይጠይቃል። የጥንብ አንሳው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አዳኝ ቀንዱንና ቆዳውን ይዞ ሲሄድ በጫካ የሚቀረውን የሚያነሣው እሱ ነው፤ ስብርባሪው እርሳስም አብሮ ይደርሰዋል። በቦትስዋና 566 ጥንብ አንሳዎች ደማቸው ተመርምሮ በሲሶው ገደማ ላይ ከፍ ያለ እርሳስ ተገኝቷል፤ በአደን ወቅትና በአደን ቀበሌ ይብስ ነበር። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ የሞተ ከብት የሚጠርግልን ማነው? ውሻና ጅብ ነው፤ ከውሻ ጋር ደግሞ የእብደት በሽታ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ጨርሼ አንድ እሑድ ለአባቴ አጫወትኳቸው። ራጁንም፣ አሳማዎቹንም ዝም ብለው ሰሙ። «ለበን» ስል ግን ቀና አሉ።

«ለበን ነው ያልሽው? አጎቴ ከውጅግራ ሁሉ ለበንን ያስበልጡ ነበር። እርሳስ የለበትም ነው የምትይኝ?»

«በ1898 በወጣው ጥይት የለበትም፣ አባባ።»

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ከጓዳ ክዳን ያለው የማር ብልቃጥ አመጡ። እርሳሱን በጨርቁ ይዘው ብልቃጡ ውስጥ ጣሉትና ክዳኑን አጠበቁት። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት፤ ተመልሰውም እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ቀለሃውን ግን መልሰው በነጭ ጨርቅ ቋጠሩት። «ግዳዩ በዚህ ይተረካል» አሉ።

በየሣጥናችን ውስጥ የአያቶቻችን እርሳስ አለ። ጀግንነታቸውን ለልጆቻችን እናውርስ፤ እርሳሱን ግን ከልጆቻችን አፍ እናርቅ። እነሱም ቢሆኑ የሚሻል ብረት ሲመጣ አሮጌውን ጥለው አዲሱን ለመያዝ አላመነቱም።