በላባ የተሠራ ዓሣ

ዓሣን በላባ አታልሎ መያዝ የቈየ ጥበብ ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ምዕት ዓመት መካከል የኖረው ሮማዊው ጸሓፊ ኤልያኖስ፥ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ ያስሩበት እንደ ነበር ጽፎልናል። ያ ግን ዝንብን ለመምሰል ነበር። ትንሽ ዓሣን የሚመስለው፥ ክንፉ የረዘመ፥ ስትሪመር የተባለው ማታለያ የቅርብ ዘመን ሥራ ነው፤ ከሠሪዎቹም መካከል ስማቸው እጅግ የታወቀው ወይዘሮ ካሪ ስቲቨንስ ናቸው።

ወይዘሮ ካሪ በአሜሪካ በሜይን ግዛት በ1882 ዓ.ም. ተወለዱ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን)። ባላቸው ዋላስ ዓሣ አጥማጆችን በመምራት ይተዳደሩ ነበርና በራንግሊ ሐይቆች አጠገብ፥ አፐር ዳም በተባለው ስፍራ ይቀመጡ ነበር። እሳቸው አስቀድሞ የሴቶች ባርኔጣ ይሠሩ ስለ ነበር ላባ መምረጥና ማስማማት ለእጃቸው እንግዳ አልሆነም። የሐይቁ ትራውት የሚያሳድደው ስሜልት የምትባለውን ቀጭን ዓሣ ነው። (ትራውት በእኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ደጋ ወንዞች ተለቋልና።)

በጁላይ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ወይዘሮዋ የቤታቸውን ሥራ ትተው አዲስ ያሰሩትን ማታለያ ይዘው ወደ ውሃው ወረዱ። የያዙት ትራውት 6 ፓውንድ ከ13 አውንስ፥ ይኸውም 3 ኪሎ ያህል መዘነ፤ ፊልድ ኤንድ ስትሪም የተባለው መጽሔት ባደረገው ውድድርም 2ኛውን ሽልማት አገኘ።

ብዙ ሰዎች ያን ዓሣ የያዘው ግሬይ ጎስት የተባለው ዝነኛ ሥራቸው ነው ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ለውድድሩ የተመዘገበው ማታለያ ሻንግስ ጎ ጌተም የሚባል ሌላ ነበር፥ ግሬይ ጎስትም የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዝነኛው የታላቅ ወንድሙን ታሪክ ወረሰ ማለት ነው፤ ታሪክ ጸሓፊ ግን ለባለቤቱ ሊመልስለት ይገባል።

የግሬይ ጎስት አሠራር ይህ ነው። በረጅሙ መንጠቆ ላይ (መጻሕፍት መቃጥን የሚሉት ነው) ብርቱካንማ የሐር ክር ይጠመጠማል፥ በላዩም ጠፍጣፋ የብር ክር እያራራቁ ይዞርበታል። ከሆዱ በታች የጣዎስ ላባ ጭረትና ነጭ የአጋዘን ጭራ ጠጕር ይታሰራል። ክንፉ አራት ግራጫ የአውራ ዶሮ ላባ ነው፤ ለትከሻው የብርማ ፌዛንት ላባ፥ ለጕንጩ ደግሞ ዓይን የሚመስለው የዱር አውራ ዶሮ ላባ ይደረብበታል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሎች ላባውን አንድ በአንድ በመንጠቆው ራስ ላይ ሲያስሩ፥ ወይዘሮ ካሪ የየጎኑን ክንፍ፥ ትከሻና ጕንጭ አስቀድመው በሙጫ አጣብቀው ያዘጋጁና በኋላ በሁለቱ ጎን ያስሩት ነበር። ስለዚህ ክንፉ በጀርባ ላይ ሳይቆም እንደ ዓሣ ጎን ከአካሉ ጋራ ይተኛል። ይህንንም ሁሉ ሲያደርጉ መንጠቆውን በሞርሳ ሳያሲዙ በጣታቸው ብቻ ይዘውት ነበር።

ሥራቸውን በ1953 ዓ.ም. ለሌላ ሰው ሸጡ፥ በ1970 ዓ.ም. አረፉ፤ በዚያው ዓመት በአፐር ዳም የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆመላቸው። ከእጃቸው የወጣውን ማታለያ ዛሬም የሚሰበስቡ ሰዎች የሚለዩት በጥቍሩ ራስ ላይ ባለችው ቀጭን ባለ ቀለም የክር ቀለበት ነው።